ከአስራ አምስት የማይበልጥ

ሹም አልጠላም፤ እሱ ይታወቅልኝ። አባቴም በዘመኑ ጭቃ ሹም ነበር። እኔ የጠላሁት የሹም መብዛት ነው። በወረዳችን አንድ ሰሞን ገበያ ወጥተው ከሹም ጋር ሳይጋጩ መመለስ አይቻልም ነበር። በግ ስትሸጭ ኃላፊ፣ ሽንኩርት ስትገዢ ምክትል ኃላፊ፣ ለቅሶ ስትደርሺ ደግሞ ድንኳኑ ሙሉ ኃላፊ። ኧረ ወዲያ! ተራ ሰው ሆኖ የሚያለቅስ እንኳ አልተረፈንም።

ወንበሩ የሚሰጠው እንዲህ ነበር። አንዱ ቀበሌ ሲያኮርፍ፣ ኩርፊያው እንዲበርድ ከዚያ ቀበሌ አንድ ሰው ይሾማል። ያኛው ቀበሌ ይነሳና "እኛስ የእንጀራ ልጅ ነን?" ይላል፤ ከዚያም ይሾማል። የተሾመ ሰው ጽሕፈት ቤት ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንዱን ሥራ ለሁለት ለሦስት ይሰነጥቁታል። ባህል ለብቻው፣ ስፖርት ለብቻው፣ ወጣት ለብቻው። ሁሉም መኪና ይጠይቃል፤ መኪናው ግን እንደ ሹሙ አይሰነጠቅም።

ስሜ አገኘሁሽ ነው። የአምባ ጥድ ቀበሌ ሕዝብ መርጦኝ በወረዳው ምክር ቤት ተቀምጫለሁ። አስተዳዳሪው ካቢኔውን፣ ማለት የየጽሕፈት ቤቱን ኃላፊዎች፣ ይዞ ሲመጣ እጅ አውጥተን የምናጸድቀው እኛ ነን። አብዛኞቻችን ገበሬዎች ነን። እጅ ማውጣት አያቅተንም።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እኔ ሁለት ወልጃለሁ። ትንሹ ምንይችል ይባላል፤ አስተማሪ ነበር፣ በኋላ የባህል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነና ካቢኔ ገባ። ሸጋ ልጅ ነው፤ ሰው ማስቀየም አይወድም፤ "እምቢ" የሚባለው ቃል ከኔ ሆድ ሲወጣ አልተሰጠውም። ታላቂቱ ወርቅውሃ ነበረች። እሷ አምባ ጥድ ባል አግብታ ትኖር ነበር። ምጥ የያዛት ቀን አምቡላንስ ተደወለ። አምቡላንሷ የለችም። የት ሄደች? ካቢኔው ለስብሰባ ደባርቅ ሲሄድ በሁለት መኪና አልበቃ ብሎ፣ የተረፉት ሹሞች በአምቡላንሷ ተሳፍረው ሄደዋል። ልጄን በቃሬዛ አወረዷት። ቁልቁለቱን ሳይጨርሱ ሞተች፤ ከነልጇ።

ለቅሶው ላይ አላለቀስኩም። "አይ ጭካኔ!" ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ጭካኔ አይደለም። እጅ ተጭነውት ሲያድር እንዴት ነው? ያዩታል፣ አለ፣ ግን የሰው እጅ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲቆጣኝ አያመኝም፣ ሰው ሲስቅልኝም አይሞቀኝም። አፌ ብቻ ነው እንደ ድሮው የሚሠራ።

በዚሁ አፌ ነው ጎንደር ለውይይት ሲጠሩን ተነስቼ የተናገርኩት። ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ከየወረዳው ሰው ሞልቶበታል። "ሹም ቀንሱልን" አልኩ። "ልካችሁን በሕግ እሰሩት። ለራሳችሁ ከተተዋችሁማ እንደ ጎመን ዘር ነው የምትበዙ።" አዳራሹ በሳቅ ሞተ፣ አጨበጨበ። እኔ ግን የልጄን ነገር አላነሳሁም፤ ቢያነሱት ምን ይሆናል?

ከብዙ ጊዜ በኋላ ደንብ ወረደ። የወረዳ ካቢኔ አባላት ብዛት ከአስራ አምስት የማይበልጥ ይሆናል፣ ይላል። እኔ ስለተናገርኩ የወጣ እንዳይመስላችሁ፤ ሊወጣ የነበረ ነገር ነው። ሰው ግን ለማሾፍ ምን ያጣል፣ "የአገኘሁሽ ደንብ" አለው። ወንበር ያሰጋው ሹም ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታ ይነሳኝ ጀመር።

ሲስተር ምስጢርን ደግሞ ላስተዋውቃችሁ። ነርስ ናት፤ የጎንደር ልጅ፣ የመሪጌታ ሐብተ ማርያም ልጅ። አባቷ ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ወርቅውሃ ከሞተች በኋላ ወረዳው ሲወቀስ ጊዜ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አድርገው እሷን አመጧት። "እዚህ ዘመድ የላት፣ ለማንም አታደላ" ብለው ነው። የግቢዬን አንዲት ክፍል ተከራይታ ከኔ ጋር ተቀመጠች። ኪራይ ያልኩት ለስሙ ነው፤ አንድ መሶብ ነው የምንበላው።

ምስጢር እንደመጣች መጀመሪያ የሠራችው ሥራ የአምቡላንሷን ቁልፍ ከሹፌሩ ወስዳ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ማንጠልጠል ነው። ምጥ ሲደወል ብቻ ይወልቃል። አንድ ቀን አስተዳዳሪያችን አቶ ፈጠነ አዲ አርቃይ ሠርግ ተጠርቶ መኪናው ተበላሸበትና መጣ፣ ለመናት። "ምጥ ይዞዎት ከሆነ ይሳፈሩ" አለችው። እግዜር ያሳያችሁ፣ አስተዳዳሪውን! ወረዳው አንድ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ከረመ። ፈጠነ ግን አልሳቀም።

ከሷ ወዲህ በአምባ ጥድ መንገድ ሴት በቃሬዛ አልወረደችም። እኔ ይህን እየሰማሁ "ደስ ይበልሽ እንጂ" እላለሁ ለራሴ። ደስታው አልመጣም። ግን ቁልፉ እሷ አንገት ላይ መሆኑን ማታ ማታ አያለሁ፤ ሳየው እተኛለሁ። ለኔ የቀረኝ ነገር ያ ነው።

እንግዲህ ካቢኔው በአዲሱ ደንብ ሊጸድቅ ነገ ስብሰባ ሆነ። ምሽቱን ምንይችል መጣና ራት ቀረብን፤ እኔ፣ እሱ፣ ምስጢር።

"የኔ ጽሕፈት ቤት ተጠቅልሏል እማዬ" አለ። "ባህል ከሌላ ጋር ይዋሐዳል። ደንቡ ሲሠራ ያለ ወንበር የምቀረው እኔ ነኝ።"

"አስተማሪ አልነበርክ? ጠመኔው የት ሄደ" አልኩት።

"ቆይ ስሚኝ። አቶ ፈጠነ መላ አግኝቷል። አስራ አምስት ሹም ይቀርባል፤ እኔ ደግሞ አማካሪ ተብዬ እቀርባለሁ። ካቢኔው ላይ እቀመጣለሁ፣ ድምፅ እሰጣለሁ፣ ስሜ ግን አማካሪ ነው።"

"አስራ ስድስት ሆናችኋ።"

"በደንቡ አስራ አምስት ነን።"

"በወንበርስ?"

እንጀራውን እየቆራረሰ ተቀመጠ። ሁለት ልጆች አሉት፤ አስተማሪነቱን ቢመልሱለት ቆላ እንዳይወረውሩት ይፈራል። እሱም እውነት አለው።

"ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል" አለኝ በመጨረሻ። "አንቺም ዝም በዪልኝ። ዝም አይነቅዝም። በወለድሽኝ።"

ምስጢር ቀና ብላ አየችኝ። የሷ ወንበር የሚነካ አልነበረም። ጤና ከአስራ አምስቱ አንዱ ነው፤ ደንቡም ያውቀዋል። እኔም ያንን ስለማውቅ ነው ልቤ የደፈረ። የኔ ጣጣ ከልጄ ጋር ብቻ መስሎኝ ነበር።

ዝም እላለሁ አላልኩትም፤ እናገራለሁም አላልኩትም። በልቶ ሄደ።

በማግስቱ ጉሙ ሳይገለጥ አዳራሹ ሞላ። አፈ ጉባኤው አያ ሙሉሰው ናቸው፤ ከኔ በዕድሜ ትንሽ ይበልጣሉ፣ የተከበሩ ሰው፣ ጠብ አይወዱም። ፈጠነ ተነሳና ስም ጠራ። ግብርና እገሌ፣ ትምህርት እገሌ፣ ጤና ሲስተር ምስጢር፣ እያለ እስከ አስራ አምስት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና "እንዲሁም በካቢኔው የሚሳተፍ አማካሪ፣ አቶ ምንይችል" አለ። ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ አየ። ልጄ ጫማውን አየ።

"አስተያየት ያለው?" አሉ አያ ሙሉሰው።

ተነሳሁ።

"ደንቡ አስራ አምስት ነው የሚለው" አልኩ። "እናንተ አስራ ስድስት ጠራችሁ። አማካሪ ያላችሁት ልጄ ነው። ሕጉ ለሰው ልጅ ሠርቶ ለኔ ልጅ የማይሠራ ከሆነ ሕግ አይደለም። ልጄን አውጡት።"

ምንይችል አንገቱን እንደደፋ ነው። እኔ "አሁን ይሰድቡኛል" ብዬ ጠበቅሁ።

አያ ሙሉሰው መነጽራቸውን አወለቁ። "እሰይ!" አሉ። "እናት ማለት ይቺ ናት! ለልጇ 'ስጡልኝ' የማትል፣ 'ውሰዱበት' የምትል! ሰማችሁ? ጨዋነት ከዚህ ወዲያ ከየት ይመጣል?"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ አንዱ "ኧረ አይሆንም! በሞቴ!" አለ። ሌላው "በሞቴ ምንይችል አይወጣም!" አለ።

እንዴት እንደሆነ ገባኝ። አገራችን እኮ እንዲህ ነው። ማዕድ ቀርቦ "ብላ" ሲሉት ቶሎ እጁን የሚሰድ ሰው ባለጌ ይባላል። ጨዋ ሰው "በቃኝ፣ ይቅርብኝ" ይላል፤ ባለቤቱ "በሞቴ" ይላል፤ እንደገና እምቢ ይላል፤ እንደገና "አፈር ስሆን" ይባላል። የኋላ ኋላ ይበላል። እኔ ልጄን አውጡት ስል እነሱ የሰሙት "በቃኝ፣ ይቅርብኝ" ነው። ማዕድ ቀርቦልኝ እየተግደረደርኩ መሰላቸው።

"የለም!" አልኩ። "የምሬን ነው! አልተግደረደርኩም!"

ይባስ አጨበጨቡ። የቆላው ቀበሌ ተወካይ፣ ወንድ ልጅ ሆኖ፣ እንባውን ጠረገ። "እያያችሁ ነው? አሁንም እምቢ አለች!" አለ። እኔ እምቢ ባልኩ ቁጥር የልጄ ወንበር እየጠበቀ ሄደ። "ልጄ ለወንበሩ አይበቃም" አልኩ፤ "ትህትና!" አሉ። "በሕግ አምላክ" አልኩ፤ "ለሕግ ያላትን ክብር እዩ" አሉ። ምን ልበል? በምን ቋንቋ ልናገር?

ፈጠነ ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ ነበር። ሞኝ አይደለም፤ እንዲያውም እኔ የምሬን መሆኔን ከነሱ ሁሉ ቀድሞ ያወቀ እሱ ይመስለኛል። እጁን አነሳና ጭብጨባው በረደ።

"የእማማ አገኘሁሽን ጨዋነት ጉባኤው አይቷል" አለ። "ይህን የመሰለች እናት ልጅ ከካቢኔ ቢወጣ ለወረዳችን ነውር ነው። ግን እማማ ትክክል ናቸው፤ ደንቡም መከበር አለበት። አስራ ስድስት መሆን የለብንም። አማካሪ የሚባለው ይቅር። ጤናና ባህል በአንድ ይጠቃለሉና አቶ ምንይችል ይምሩት። ሲስተር ምስጢር ባለሙያ ናቸው፤ ወደ ሙያቸው ይመለሱ። አስራ አምስት እንሆናለን ማለት ነው።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ እኔ ነኝ እንግዲህ።

"ለሲስተር የሚናገር አለ?" አሉ አያ ሙሉሰው፤ እሳቸው ለወጉ ነው የጠየቁት። አዳራሹ እርስ በርሱ ተያየ። ዘመድ የላት፣ ቀበሌ የላት፣ የሚያኮርፍላት ጎጥ የላት። ለዚያ ብለው አይደል ያመጧት?

ሦስተኛ ጊዜ ተነሳሁ። "ምስጢር አትነካም! እሷ ከሄደች ሴቶች ይሞታሉ! እኔ ያልኩት ልጄን ነው፣ ልጄን!"

አያ ሙሉሰው ፈገግ አሉልኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። "ይበቃል አገኘሁሽ። ሰምተንሻል፣ አክብረንሻል። ልጅሽን እኛ ሾመነዋል፤ ያንቺ ዕዳ የለበትም። ተቀመጪ፣ በሞቴ።"

አጠገቤ ያሉት ሁለት ሴቶች ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። በፍቅር ነው የያዙኝ፤ አንዷ እንደውም ሳመችኝ።

"የሚደግፍ?" አሉ። እጅ እንደ ገብስ ተነሳ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። "የሚቃወም?" ሲሉ አወጣሁት፤ እስከ ጣሪያ አወጣሁት። አያ ሙሉሰው አዩኝና ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። "ለልጇ ድምፅ መስጠት አፍራ ነው" አሉ። "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።"

ምስጢርን ፈለግሁ። ከሹሞቹ መካከል ተቀምጣለች። እሷም እያጨበጨበች ነበር፤ የተሻረ ሰው ካላጨበጨበ አኮረፈ ይባላላ። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው። የከፋት መሰለኝ፤ በምን እንደከፋት ግን መለየት አልቻልኩም። እሷም እንደነሱ የተግደረደርኩ መስሏት ይሆን? እስካሁን አላወቅሁም።

ግቢው ላይ ምንይችል እየሳቀ መጣና ጉልበቴን ሳመ። "እማዬ! ምን ዓይነት ሴት ነሽ!"

"የምሬን ነበር እኮ" አልኩት።

ሳቁን አቆመ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አውቃለሁ" አለ። "ልጅሽ አይደለሁ? ድምፅሽን አላጣውም። እነሱ ግን አላወቁም። ይብቃን እንግዲህ።"

"የአምቡላንሷስ ቁልፍ?"

"ጤናው እኔ ጋ ከሆነ ቁልፉም እኔ ጋ ነዋ። ምነው፣ እኔ ሰው አልገድል።"

"ፈጠነ ሠርግ ልሂድባት ቢልህ እምቢ ትለዋለህ?"

ፊቱን ወደ አዳራሹ በር አዞረ። ያቺ እምቢ እኮ አልተሰጠችውም።

"እህትህ..." ስል "ወርቅውሃን አሁን ምን አመጣት እማዬ?" አለኝና ሰው ሲጠራው ሄደ።

ልቆጣ ፈለግሁ። እንዴት አልቆጣም? የማውቀውን ቁጣዬን ጠበቅሁት፣ አልመጣም። ጫማዬ ላይ ጭቃ አይቼ በእንጨት ጠረግሁት፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ "እንኳን ደስ አለሽ" የሚል ሰው ቤቴን ሞላው። ሰላምታ የነሱኝ ሁሉ መጡ። ጠላ ነበረኝ፣ አወጣሁ። ሰው ቤትሽ መጥቶ ሂድ አይባልም። ምስጢርም ከክፍሏ ወጣችና ነጠላዋን አደግድጋ ታስተናግድልኝ ጀመር። "ተዪ፣ አንቺ ተቀመጪ" አልኳት። "ምን ችግር አለው እትዬ" አለች። ከሷ በተወሰደው ወንበር ለሚደሰቱት ጠላ ቀዳች። አንዲት ሴት ጽዋዋን ስታስሞላ "አይዞሽ የኔ እህት፣ ወንበር አላፊ ነው" አለቻት፤ ምስጢር "እውነት ነው" አለች። ምንይችል ሲመጣ ከቤቱ ጥግ ሆና ቁልፉን ከማተቧ ላይ ፈታ ሰጠችው። እሱ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ኪሱ ከተተው። ማተቧ ቀለል ብሎ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለ።

እንግዳው ሲወጣ ዕቃ አጠብን። ስለ ስብሰባው አንድ ቃል አልተናገርንም። ልትናገር ይሆናል ብዬ ውሃውን ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ።

"ነገ እሄዳለሁ" አለች በመጨረሻ። "ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፍቷል ብለዋል። ደግሞ ሲዘጋ ከምቀር አባቴን ልያቸው።"

"ሄደሽ ትመለሻለሽ?"

"እንግዲህ" አለች።

ጠዋት ዕቃዋን ይዤላት መናኸሪያ ወረድን። አንድ ቦርሳና አንድ ፌስታል ናት። ሚኒባሱ ግማሽ ሞልቷል፤ ረዳቱ "ጎንደር! ጎንደር!" እያለ ይጮኻል። ሰዉ ቸኩሏል፤ መንገድ ሲከፈት ሁሌም እንደዚህ ነው፣ ነገን የሚያምን የለም።

ሌሊቱን ሳስብበት ያደርኩትን ነገርኳት። ወንበሩን ነው እንጂ ነርስነቷን ማንም አልወሰደባትም። ጤና ጣቢያው አለ፤ አዋላጅ ተቸግሯል። ቁልፉ ባይኖራትም እጇ አለ። አምቡላንስ ባይመጣ እንኳ ምጥ ወደያዛት የምትወጣ ሴት ካለች ሌላ ነገር ነው።

"አትሂጂ ምስጢር" አልኳት። "እዚሁ ሁኚ። ጤና ጣቢያ ግቢ። ቤቱም ቤትሽ ነው።"

ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች።

"አይ እትዬ፣ ይቅርብኝ" አለች።

ትናንት ቀኑን ሙሉ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቃሌን አላምን ብሎኝ ውሏል። አይሆንም ስል ይሁን ብለው ሰምተውኝ ውለዋል። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ "እሺ፣ እንዳልሽ" ቢለኝ ኖሮ ይህች ልጅ አትሄድም ነበር። እኔ በሷ ላይ ያንን አልሠራም አልኩ በልቤ። ያለችውን አምኜ ላክብራት።

"እሺ" አልኳት። "እንዳልሽ።"

አልተንቀሳቀሰችም። ቦርሳው መሬት ላይ ነው። አፌን አፌን ታያለች። ረዳቱ "እህት፣ እንሂድ!" አላት፣ አልሰማችውም። እኔም ቆሜአለሁ። ዓይኗ ሲሞላ አየሁ። የሚባለውን አውቀዋለሁ፤ ማን የማያውቀው አለ? ገና ቀሚስ ሳንለብስ ነው የምንማረው። ምላሴ ላይ ነበር። እሷ ከጎንደር መጥታ፣ ዘመድ የሌላት፣ አንድ ሰው ሁለተኛ እንዲለምናት ቆማለች፤ እኔ ደግሞ ምላሴ ተጭነውት እንዳደረ እጅ ሆኖብኝ አያታለሁ።

ረዳቱ ቦርሳዋን አነሳና ጣሪያ ላይ ወረወረው። ተሳፈረች። በመስኮት "ደህና ይሁኑ እትዬ" አለችኝ።

"ደህና ግቢ" አልኳት።

ሚኒባሱ ገበያውን ዞሮ ቁልቁለቱን ያዘ። ጉሙ ውስጥ ገብቶ መብራቱ ብቻ ታየ፣ እሱም ጠፋ። "በሞቴ" አልኩ ያን ጊዜ፣ ጮክ ብዬ።

አጠገቤ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ነበረች። "ምን አሉኝ እማማ?" አለች።

"ምንም" አልኳት።